በአንድ ኮሪደር፣ ሁለት ሌሊት

ሴናተር ትሬምባዝ ነገሩን እንዲህ ነው የሚያወሩት። በጥር ወር እናታቸው በስክራንተን ከተማ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ በተኙበት ሌሊት መጥሪያ መጫን እንኳ አላስፈለጋቸውም። አንዲት ባለ ቀይ ጸጉር ነርስ ወንበር ስባ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ አደረች። ሲጠማቸው ውሃ፣ ሲበርዳቸው ብርድ ልብስ፣ ሲጨንቃቸው እጇን ሰጠቻቸው። «እንዲህ ያሉ ነርሶች እያሉን፣ አንድ ነርስ ከዚህ ቁጥር በላይ በሽተኛ አትያዝ የሚል ሕግ የምናወጣው ለማን ብለን ነው?» ይላሉ ሴናተሩ ሲጨርሱ። በእሳት አደጋ ሠራተኞች የቁርስ ግብዣ ላይ ተናግረውታል፣ በጋዜጣ ጽፈውታል፣ በሬዲዮ ደግመውታል። በተናገሩት ቁጥር መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ትንሽ ይሰበራል፤ የማስመሰል አይደለም።

ኦልጋ ሁዳክ ስለዚያው ሌሊት፣ ስለዚያው ፎቅ የሚያወሩት ግን ሌላ ነው። ባለቤታቸው ዋሲል፣ ዕድሜውን ሙሉ የስክራንተንን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው ፈልጎ መጥሪያውን ተጫነ። ማንም አልመጣም። ደግሞ ተጫነ። አሁንም ማንም አልመጣም። አልጋ ላይ መሽናት ከሞት የሚብስበት ሰው ስለነበር የአልጋውን ብረት ተደግፎ ብቻውን ተነሣ። ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያም ሳያገግም የሳንባ ምች ያዘውና የካቲት ሳይጋመስ ተቀበረ። ኦልጋ ይህን አውርተው ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ። «ምራቴ እኮ እዚያው ፎቅ ላይ ነበረች። የሚሞት ሰው ይዛ ነው እንጂ፣ ሰምታ ቢሆን በሩጫ ትደርስለት ነበር።»

ኮሪን ሁዳክ ሁለቱንም ወሬ በቃሏ ታውቀዋለች። ቀይ ጸጉሯ ነርስ እሷ ናት። የኦልጋም ምራት እሷው ናት። የሚሞት ሰው ግን አልያዘችም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ ወለሉ በብርድ እግር ይቆርጣል። የማሞቂያው ዘይት ጋሎኑ አራት ዶላር ከገባ ወዲህ ባሏ ማይሮን የሙቀት መቆጣጠሪያውን ማንም እንዳያዞረው በፕላስተር አሽጎታል፤ ፕላስተሩ እሷ ከሆስፒታል በኪሷ ረስታ ያመጣችው ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ማይሮን የትናንቱን ጎመንና ፓስታ በቅቤ እያሞቀ ነበር፤ ግማሹን ይበላል፣ ግማሹን ደግሞ ወደሚሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ ይዞ ይሄዳል። ሬዲዮው ክፍት ነው። ነገ በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በሃሪስበርግ የሴኔቱ የጤና ኮሚቴ በነርሶች ረቂቅ ሕግ ላይ ምስክር እንደሚሰማና እዚያው ድምፅ እንደሚሰጥ ዜና አንባቢው ተናገረ። ቀጥሎ የትሬምባዝ ድምፅ መጣ፤ ወንበሩ፣ ውሃው፣ ብርድ ልብሱ። ማይሮን እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን ቀነሰው፤ አላጠፋውም ግን። ሁለቱም ጀርባቸውን ለሬዲዮው ሰጥተው የሰውዬው ድምፅ እስኪሰበር ድረስ ጠበቁ።

ስልኩ ጮኸ። ፓውላ ናት፤ የነርሶች ማኅበሩን የምትመራው፣ የልብ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ጸጉሯን ያሸበተች ነርስ።

«ቀይዋ፣ ተነሣሽ?»

«ቆሜያለሁ። መነሣቴን እንጃ።»

«ዛሬ ፈቃዱን ካላመጣሽልኝ ነገ የማቀርበው ምስክር የለኝም። ስለ እግሬ እብጠት ነው የማወራላቸው።»

«እሱም እኮ ያስለቅሳል።»

«እኔን እንጂ እነሱን አያስለቅስም። ስሚኝ ኮሪን፤ የጎደለን አንድ ድምፅ ነው፣ እሱም የትሬምባዝ ነው። እሱ እናቱን ይዞ ይመጣል። እኛ ምን ይዘን ነው የምንሄደው?»

ኮሪን ነገሩን እንደ ፓውላ ታውቀዋለች። ረቂቁ በየምክር ቤቱ ዘመን ይቀርባል፤ በየዘመኑ እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ይሞታል። በእነሱ ፎቅ አንዲት ነርስ ከአራት በሽተኛ በላይ እንዳትይዝ ይላል፤ አሁን ስድስትም ሰባትም ይይዛሉ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሊሞላ ደርሷል። የኮሚቴው አባል ትሬምባዝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያላዩትን ሊነግራቸው የሚችል ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ኮሪን፤ የእሷም ምላስ ታስሯል። የበሽተኛን ምስጢር ያወጣች ነርስ የሥራ ፈቃዷን ታጣለች። ሴናተሩ ስለ እናታቸው የፈለጉትን ቢናገሩ መብታቸው ነው፤ ኮሪን ግን «አዎ፣ እኔ ነበርኩ» ማለት እንኳ አትችልም። የማኅበሩ ጠበቃ ያገኘላት ቀዳዳ ይህ ነው፦ የዋሲል ሚስት ከፈቀዱ ስለ ዋሲል መናገር ትችላለች፤ ስለ ሌላኛዋ ደግሞ ስም ሳትጠራ «በዚያ ሌሊት አንድ በሽተኛ ብቻ እንድጠብቅ ታዝዤ ነበር» ብትል ይበቃል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ኦልጋ ራሳቸው ቢመሰክሩ አይበቃም፤ በእሳቸው ታሪክ ነርሶቹ ሁሉ እጃቸው ሞልቶ ነበር፣ ለእንዲህ ያለው ክፉ አጋጣሚ ደግሞ ሴናተሩ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ከማለት በቀር መልስ አያስፈልጋቸውም። እጁ ባዶ የነበረ ሰው እዚያ ፎቅ ላይ እንደነበረ መናገር የምትችለው ኮሪን ብቻ ናት። ለዚያ ፈቃድ ስትጠይቅ ደግሞ መጀመሪያ ለኦልጋ መናገር አለባት።

ያ ሌሊት እንዲህ ነበር። ኮሪን ሥራ ስትገባ ዋሲልን በኮሪደሩ ጫፍ ተኝቶ አገኘችው፤ ልቡ ውሃ እየያዘ ስላስቸገረው ለሁለት ቀን ነበር የገባው። ዘመድ ዘመዱን አያስታምምም፣ የሥራው ወግ ነው፤ ስለዚህ ራሷ ጠይቃ ለባልደረባዋ ለዳርሊን አስያዘችው። ዋሲልም ደስ አለው። «ምራቴ ቂጤን ካየች በፋሲካ እንዴት አንድ ገበታ እንቀመጣለን?» ብሎ አሳቃቸው። ወዲያው ተቆጣጣሪዋ ጌል መጣች። ጌል ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያን ለታም ፊቷ ላይ እፍረት ነበር። «ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለሽ። ከበሯ እንዳትርቂ። ከላይ የመጣ ነው፣ አትጠይቂኝ» አለቻት። የኮሪን በሽተኞች ለዳርሊንና ለሌላዋ ነርስ ተከፋፈሉ፤ ዳርሊን ከዘጠኝ ሰው ጋር ቀረች። ኮሪን ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሮጊቷ ጨዋ ነበሩ፤ የልጃቸውን ሹመት አንድ ጊዜም አላነሡም፣ የፈሩት ጨለማውን ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መጥሪያው ጮኸ። በዚያ ፎቅ መጥሪያ ሲጮህ ከክፍሉ በር በላይ መብራት ይበራል፤ ኮሪን ከተቀመጠችበት ሆና የትኛው መብራት እንደሆነ አየች። ዳርሊን እየሄደች ነው ብላ አሰበች። መልስ ሲዘገይ ድምፁ ይፈጥናል። ፈጠነ። ተነሣች፤ አሮጊቷ ጣቶቿን ይዘው «አትሂጂ ልጄ» አሏት፤ ተቀመጠች። አሁንም ተነሣች፤ አሁንም ተቀመጠች። ማንም ሳይሰማት ለራሷ እንኳ ለመናገር የምትፈራው ነገር አለ፤ ነርስ ከሆነች ጀምሮ ሥራ ላይ ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ አርፎ ነበር። ወንበሩ ጥሟት ነበር። ከዚያ ከኮሪደሩ ጫፍ የመውደቅ ድምፅ መጣ።

ስልኩን ስታስቀምጥ ማይሮን የምሳ ዕቃውን እየዘጋ ነበር።

«ዛሬ ለእናትህ ልነግራቸው ነው» አለችው።

«ምኑን?»

«የሚሞት ሰው እንዳልያዝኩ። መጥሪያውን እንደሰማሁት። ለአንተም…»

«አውቃለሁ።»

የዕቃው ክዳን እምቢ ብሎት እንደገና ከፈተና ዘጋው። «ዳርሊን በቀብሩ ቀን ነግራኛለች። ሰክራ ነበር፤ ነገር ፈልጋ አልነበረም። ‹ዘጠኝ ይዤ ነበር፣ እሷ አንድ› አለችኝ፣ አለቀሰች፣ መኪናዬ ውስጥ አስታወከች።»

ኮሪን የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ ያለውን ጊዜ በሙሉ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው፤ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ መኪናው ጎማ፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ ሲነጋገሩ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

ጃኬቱን ለበሰ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ። «እናቴን አትንኪያት፣ ኮሪ። ያቺን አንዲት ነገር ይዛ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። አባቴን ቀብራዋለች። አንቺንም እንድትቀብር ነው የምትፈልጊው?» በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ደርግሞ ቢዘጋው ይሻላት ነበር።

ማክሰኞ የፒሮጊ ቀን ነው። በዐቢይ ጾም የኦልጋ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው ድንችና አይብ በሊጥ ይጠቀልላሉ፣ ጾማቸው የሚከለክለው ሥጋ እንጂ አይብና ቅቤ አይደለም፤ ዓርብ ዓርብ ይሸጡታል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደርዘኑን ዐሥራ ሦስት ዶላር ይላል፤ አምና ዐሥራ አንድ ነበር፣ በዚያች ሁለት ዶላር ምእመኑ ከክረምት እስከ ጾሙ ድረስ ሲነታረክ ከርሟል። ኮሪን ደረጃውን ስትወርድ የተቀቀለ ድንችና የቀለጠ ቅቤ ሽታ ተቀበላት። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የማሞቂያ ቱቦ በላዩ የሚያልፍበት ክፍል ነው፤ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ነጭ ወረቀት ለብሰዋል፣ በግራና በቀኝ አሮጊቶች የጸጉር መረብ አጥልቀው ተደርድረዋል። አንዷ ሊጡን በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ትቆርጣለች፣ አንዷ የድንቹን ድቡልቡል ትጥላለች፣ የቀሩት አጥፈው ጠርዙን በጣታቸው ይቆነጥጣሉ። መቆንጠጡ ነው ጥበቡ፤ የላላ እንደሆነ ሲቀቀል ይፈነዳል። ኦልጋ ከቆንጣጮቹ ዋና ናቸው። ከባላቸው ቀብር ወዲህ ጥቁር ሹራብ ለብሰው ይመጣሉ፣ ዱቄቱ እጅጌያቸው ላይ ሁሉ ነጥቶ ይታያል።

«መጣች ነርሷ» አሉ ስቴላ፣ የኦልጋ የልጅነት ጓደኛ። «ነይ እዚህ ጋ፣ ቦታዬን ያዢ። ወገቤ ሊጥ ሆኗል።»

«ወገብዎ ሊጥ ከሆነ ድንች እንክተትበት?»

ሴቶቹ ሳቁ። ኮሪን መረቡን አጥልቃ፣ እጇን ታጥባ ከኦልጋ ፊት ለፊት ቆመች። ኦልጋ ቀና ብለው ፈገግ አሉላትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የመጣችበትን ነገር እንዴት እንደምትጀምረው አታውቅም፤ እጇ ግን ሥራ ስላገኘ አመሰገነች። ሁለት ሦስት እንደሠራች ስቴላ አንገታቸውን አስግገው አዩላት።

«ኧረ ቀስ። ቁስል እየሰፋሽ አይደለም። ፒሮጊ ነው፣ አይደማም።»

«ተይያት» አሉ ኦልጋ። «ነገ ሃሪስበርግ ናት። ለዋሲል ልትናገርለት ነው የምትሄደው።» ይህን ሲሉ አገጫቸው ቀና አለ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ኮሪንን በአዲስ ዓይን አዩዋት። ኮሪን ለኦልጋ እንዲህ ብላ አታውቅም። ነርሶች ነገ እንደሚሄዱ ከሬዲዮው ሰምተው ቀሪውን ራሳቸው የሞሉት ነው፤ ሞልተውም ለሰው አውርተውታል። ፊቷ ሲቃጠል ተሰማት።

«እንግዲያው እዚያ ያ ትሬምባዝ ይጠብቅሻል» አሉ ስቴላ። «ለእናቱ ነርስ ወንበር ስባ አደረችላት አለ። እኔ ሐሞቴን ሲያወጡልኝ አጠገቤ ያደረው የአበባው ማስቀመጫ ነው። እሱም ባዶ።»

«አንቺም ሴናተር መውለድ ነበረብሽ» አሉ አንዲት ሴት ከጫፍ።

«የወለድኩት ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሊጠይቀኝ መጥቶ የሆስፒታሉን ቧንቧ ነካክቶ ሄደ።»

ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ቆይተው ያቺው ከጫፍ ያሉት ሴት «ቀይ ጸጉር ናት ብሏል ነርሷን» አሉ፤ በክፋት አይደለም፣ ወሬ ለመጨመር ነው። ክፍሉ ውስጥ ጸጉሩ ያልሸበተ ሰው አንድ ብቻ ነበር። አንድ ሁለት ዓይን ወደ ኮሪን መረብ ሄዶ ተመለሰ።

«ቀይ ጸጉር በዚህ ከተማ ሞልቷል» አሉ ኦልጋ ፈጠን ብለው። «ግማሹ የአየርላንድ ዘር አይደል እንዴ።» ግን አውራ ጣታቸው ሊጡን በስቶ ገብቶ ነበር፤ ድንቹ በሌላው ወገን ወጣ። የተቀደደውን ለብቻው ወደሚጠራቀምበት ሳህን ጣሉት። ሌላ አነሡ። ያንንም ቀደዱት። ኮሪን እነዚያ ጣቶች ሊጥ ሲቀድዱ አይታ አታውቅም።

«እማማ» አለች። «ቅቤው እያለቀ ነው። ከጓዳ እናምጣ፣ አብረን።»

ጓዳው ጠባብ ነው። የድንች ጆንያ፣ የፋሲካ ቅርጫቶች፣ የተሰበረ የመዘምራን ወንበር፣ ያለማቋረጥ የሚያጉተመትም ትልቅ ማቀዝቀዣ። ኮሪን በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። መንገድ ላይ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ነበር፤ ከሕጉ ይጀምራል፣ ስለ ዳርሊን ዘጠኝ በሽተኞች ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ራሷ ይመጣል። ኦልጋ ግን ማቀዝቀዣውን ተደግፈው ቆመው፣ በዱቄት የነጣ እጃቸውን ከሹራባቸው አርቀው ይዘው፣ ቀድመዋት ጠየቁ።

«ሰምተሽዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«የሱ መሆኑን እያወቅሽ?»

«መብራቱን አየሁ። አወቅሁ።»

«የሚሞት ሰው ይዘሽ ነበር።» ይህኛው ጥያቄም አልነበረም፣ ክስም አልነበረም። እጅ ሊያመልጥ ያለን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ እንደ መጨበጥ ነበር።

«አልያዝኩም። ማንም እየሞተ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ ጠብቂ ተባልኩ፤ በሽተኞቼን ለዳርሊን ሰጡብኝ። መጥሪያው ሲጮህ…» የድንቹን ጆንያ አፍ ያዘች። «ተቀምጬ ነበር፣ እማማ።»

«ተቀምጠሽ።»

«ሁለቴ ተነሥቼ ነበር።»

«ተቀምጠሽ» አሉ ኦልጋ ደግመው፣ ቃሉን ሰምተውት እንደማያውቁ። ማቀዝቀዣው አጉተመተመ። ከወዲያ ስቴላ አንድ ነገር ተናግረው ሴቶቹ ሲስቁ ይሰማል። ኮሪን ቀሪውንም ነገረቻቸው፤ ስለ ሕጉ፣ ስለጎደለው አንድ ድምፅ፣ ስለ ፈቃዱ። እየተናገረች ሳለ ቃላቱ ሁሉ የሚሸጥ ዕቃ መሰሉባት፤ ሰው የሞተበት ቤት ገብታ ዋጋ የምትጠይቅ መሰላት። «እርስዎ ካልፈቀዱ አልናገርም። ለፓውላ አልመጣም ብዬ እደውልላታለሁ። ለማንም አላወራም፤ ሌላ የሚያውቅ የለም…» አለችና ማይሮን ትዝ ብሏት ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ኦልጋ ያልተጨረሰውን አዩት። ልጃቸውም እንደሚያውቅ ከዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የተረዱት፤ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተለወጠውም ያን ጊዜ ነው፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ ባንዴ በጣም ያረጁ መሰሉ።

ከመደርደሪያው ቅቤ አነሡ። ለኮሪን አንዱን ሰጧት፣ እሳቸውም አንዱን ያዙ። በሩን በክርናቸው ከፍተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ለኮሪን ከሌሊቱም የከፋ ነበር። ኦልጋ ወደ ቦታቸው ተመልሰው መቆንጠጥ ቀጠሉ። አንድም አልቀደዱም። ስቴላ ስለ ልጃቸው ሚስት አዲስ የወጥ ቤት ምንጣፍ አወሩ፤ አንዲቱ ስለ እንቁላል ዋጋ፣ ሌላዋ ባለፈው ዓርብ ስድስት ደርዘን አዝዞ ሳይመጣ ስለቀረ ሰው። ኦልጋ በተገቢው ቦታ «እህ» ይላሉ፣ በተገቢው ቦታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ወደ ኮሪን ግን አያዩም። ኮሪን መሄድ ትችላለች፣ ማንም አልያዛትም። ግን መልስ ሳትሰማ ብትሄድ ለፓውላ ምን ትላለች? ለማይሮንስ? ሳህኑ ሞላ፣ ወደ ምድጃው ሄደ፣ ሌላ ሳህን መጣ። የኦልጋ ጣቶች አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይሠራሉ፤ በሠርጓ ዋዜማ ይህንኑ መቆንጠጥ ያስተማሯት እነዚያ ጣቶች ናቸው፤ ያን ጊዜ እጇን በእጃቸው ይዘው ነበር። አሁን አንድ ድቡልቡል ድንች ተንከባሎ ወደ ኦልጋ ወገን ሄደ፤ ኮሪን ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ ኦልጋ እጃቸውን ሰበሰቡ። በጠረጴዛው ዙሪያ ወሬው ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ።

ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ተጠቀለለ፣ ወለሉ ተጠረገ። እንደ ልማዱ የፈነዱትንና የተቀደዱትን ሴቶቹ በላስቲክ ከረጢት ተከፋፈሉ፤ አይሸጡም፣ የሠራተኛ ድርሻ ናቸው። ኦልጋ የእሳቸውን ድርሻ ሁልጊዜ ለኮሪን ይሰጧታል፣ ለማይሮን እንድትጠብስለት። ዛሬ ከረጢቱን አስረው ወደ ገዛ ቦርሳቸው ከተቱት። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ የአንገት ልብሳቸውን አስተካከሉ፣ አዝራሮቹን ከታች ወደ ላይ ቆለፉ። ሌሎቹም ካፖርት ካፖርታቸውን ይዘው ደረጃው ግርጌ ተሰብስበው ነበር፤ ማንም ለመውጣት አልቸኮለም።

«ነገ እንግዲህ መንገዱን ደህና ያድርግልሽ» አሉ ስቴላ ለኮሪን። «ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት በረዶ አለ ብለዋል።»

ኮሪን አፏን ከፈተች። አልሄድም ልትል ነበር። እስከ ደረጃው ድረስ ለራሷ ቆርጣ ነበር፤ ረቂቁም ይሙት፣ ፓውላም ትስደባት፣ ይህችን ሴት ከዚህ በላይ አትጎዳትም። ኦልጋ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት፤ ከዚያም ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ እሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው እያዩ ተናገሩ።

«ነገ እኔም እሄዳለሁ። የሚያደርሰኝ ልጄ ነው፣ አንቺ በሌላ መኪና ነይ። ፈቃድ አልሰጥሽም፤ የዋሲልን ስም አንቺ አትጠሪውም፣ እኔ ነኝ የምጠራው። መጥሪያውን እንደ ተጫነ፣ ደግሞ እንደ ተጫነ እኔ እነግራቸዋለሁ። ስጨርስ ወደ አንቺ እዞርና በዚያ ሰውዬ ፊት ‹አንቺስ የት ነበርሽ?› ብዬ እጠይቅሻለሁ። ከጥያቄዬ ሌላ ፈቃድ የለሽም፤ ጓዳ ውስጥ እንደ መለስሽልኝ ትመልሺልኛለሽ፣ አንዲት ቃል አትቀንሺም። ከዚያ ወዲያ ልጄ ብቻውን ይመጣል። አንቺ ቤቴን አትረግጪም።»